የዕረፍት ቀን በደጀን አፋፍ

«እማዬ፣ ባሕር ምን ይመስላል?»

ጥያቄውን ያነሳችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ጊዜው የ2012 ዓ.ም. መስከረም ወር ማብቂያ፣ ሰዓቱም ምሽት ነው። እናት የነገውን የደንብ ልብስ በካውያ ትተኩሳለች። ድስቱ ውስጥ ሽሮው ይንተከተካል። የአምስት ዓመቱ ልጅ አንድ እግር ጫማው ጠፍቶበት ያለቅሳል። ልጅቱ በዚያን ዕለት በትምህርት ቤት ስለ ባሕርና ስለ ውቅያኖስ ተምራ፣ «ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም» የሚል ዐረፍተ ነገር በደብተሯ ላይ ጽፋ መጥታለች።

እናት ቀና ሳትል «ሰፊ ውሃ ነዋ፤ ጨዋማ ውሃ» አለቻት።

«አንቺ አይተሽዋል?»

እናት አላየችም።

ይህችን እናት በቅርብ አውቃታለሁ። በአንድ ድርጅት መዝገብ ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ የሦስት ልጆች እናት የሆነች ባልንጀራዬ ናት። በማግሥቱ ሻይ ቤት ተቀምጠን ነገሩን እየሳቀች ነበር ያወጋችኝ። ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። «ያላየሁት ባሕሩን ብቻ መሰለሽ?» አለችኝ። «ከቤትና ከቢሮ ሌላ ምን አይቻለሁ? ልጆቼስ ከእኔ ጋር ምን አይተዋል?»

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጥያቄ የአንዲት እናት ብቻ አይደለም። እንደሚታወቀው በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት፣ አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመቱ 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አገልግሎት አንድ ቀን እየተጨመረለት የዓመት ዕረፍት የማግኘት መብት አለው። በሳምንትም ያልተቆራረጠ ቢያንስ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይገባዋል። ሕጉ ይህን ይበል እንጂ የብዙዎቻችን ዕረፍት የት እንደሚገባ እኛ እናቶች እናውቀዋለን። ሁለቱ ቀን ልጅ ሲታመም ይሄዳል፤ ሁለቱ ለጎረቤት ለቅሶ፣ ሦስቱ በርበሬ ለማስቀንጠስና ለማስፈጨት፣ የቀረውም ለሠርግ ድግስ ይውላል። ወደ ሥራ ስንመለስ ከመሄዳችን በፊት ከነበረው የባሰ ደክሞን ነው።

ባልንጀራዬም በዚያን ዓመት ከዕረፍቷ ላይ አምስት ቀን ብቻ ለልጆቿ ለመስጠት ወሰነች። ባሕር ዳርቻ የሚወስድ ገንዘብም ሆነ ጊዜ አልነበራትም። የባለቤቷ እናት ግን በምሥራቅ ጎጃም፣ በደጀን ከተማ ይኖራሉ። ልጆቹ አያታቸውን ካዩ አራት ዓመት አልፏል። ባለቤቷ በመስክ ሥራ ላይ ስለነበረ «ልጆቹን የምትይዝልኝ አንቺ ነሽ» ብላ ይዛኝ ሄደች። እነሆ የዚያን ጉዞ ነገር ላጫውታችሁ።

ቁልቁለቱና ድልድዩ

ከአዲስ አበባ ደጀን 230 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሌሊት ተነስተን አውቶቡስ ተሳፈርን። ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ሙከጡሪን፣ ከዚያም የፍቼን መገንጠያና ገርበ ጉራቻን አለፍን። በጥቅምት ወር የሰላሌ ሜዳ ያማረ ነው፤ ጤፉ ያሸተ፣ ገብሱ የደረሰ፣ ከብቱ የጠገበበት ጊዜ ነው። ልጆቹ በመስኮት እያዩ ሲቆጥሩ፣ ሲጨቃጨቁ፣ ሲተኙ ጎሃ ጽዮን ደረስን።

ከጎሃ ጽዮን በኋላ ሜዳው በድንገት ያልቃል። ምድሩ ተሰንጥቆ የአባይ ሸለቆ ይከፈታል። ወዲያ ማዶ ጎጃም በዐይን ቅርብ ሆኖ ይታያል፤ ድምፅ ቢያወጡ የሚሰማ ይመስላል። በመንገድ ግን ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርድና ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል።

ለእናቶች አንድ ነገር ልጠቁም። ወደ ታች በወረድን መጠን አየሩ ይሞቃል። በ100 ሜትር ውስጥ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ጎሃ ጽዮን ላይ በብርድ የተንቀጠቀጠ ልጅ ወንዙ ዘንድ ሲደርስ ስምንት ዲግሪና ከዚያም በላይ የሚሞቅ አየር ይጠብቀዋል። አውቶቡሱ እየወረደ ሲሄድ ተሳፋሪው መጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ሹራቡን፣ በመጨረሻም ነጠላውን ሲያወልቅ ልጆቹ ይስቁ ነበር። ብዙ ልጆች በዚህ ጉዞ ላይ የሚያስታውካቸው በጠመዝማዛው ብቻ ሳይሆን በላያቸው ላይ በተደራረበው ልብስ ጭምር ነው።

ሸለቆው ወለል ላይ ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንደኛው ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገለገለው አሮጌው ድልድይ ነው። ሁለተኛው በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተከፈተው፣ 303 ሜትር የሚረዝመው የህዳሴ ድልድይ ነው። ከሥሩ አባይ ደፍርሶ፣ ቡናማ ሆኖ ያልፋል።

«ይህ ነው ባሕር?» አለ የአምስት ዓመቱ ልጅ።

«ይህ አባይ ነው» አለው የአሥራ ሦስት ዓመቱ ታላቅ ወንድሙ፣ ተማሪነቱን ለማሳየት። «ከጣና ይወጣል፤ ጎጃምን ዞሮ ሱዳን ይገባል።»

ልክ ብሏል። ያን ጊዜ ጉባ ላይ ግድቡ ገና በመሠራት ላይ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ግን በዚያ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ ከድንበራችን ሳይወጣ በግድቡ ተርባይኖች በኩል አልፎ መብራት ይሆናል።

«ከብት ጠፋ እንዴ?»

ደጀን ከአፋፉ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የበለጠ ከፍታ አላት። ከሸለቆው የወጣ መኪና ሁሉ ሞተሩን የሚያሳርፈው፣ ሊወርድ የተዘጋጀውም ፍሬኑን የሚያስፈትሸው እዚህ ነው። አንዱ መንገድ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ማርቆስ ይገባል። ሌላው በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር ይደርሳል።

አያት በር ላይ ሆነው ነበር የጠበቁን። ልጆቹን አንድ በአንድ አገላብጠው ከሳሙ በኋላ የመጨረሻውን አንስተው «ይህን ገና በጡት እያለ ነበር ያየሁት» ብለው ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ምራታቸው አንገቷን ደፋች። አራት ዓመት ሲባል በወሬ አጭር ነው፤ በልጅ ቁመት ሲለካ ግን ረጅም ነው።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ልጆቹን ቀስቅሰን ወደ አፋፉ ለመሄድ ተነሳን። አያት ቡና ሊቆሉ ምጣድ ጥደው ነበር።

«በጧቱ ወዴት ነው?»

«ወደ ገደሉ፣ እማማ» አለች ምራታቸው።

«ከብት ጠፋ እንዴ?»

«ኧረ የለም። ልናየው ነው።»

አያት ማማሰያውን እንደያዙ ቆሙ። «ገደል ደግሞ ምኑ ይታያል?» አሉና ጥቂት አሰቡ። ከዚያም ምጣዱን አወረዱ። በትራቸውን አንስተው «እንግዲህ እናንተ አታውቁትም፤ እኔ እመራችኋለሁ» አሉን።

በጤፍ ማሳ መካከል በእግር መንገድ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄድን። ጤዛው ጫማችንን አራሰው። ቢጫ ጀሪካን በጀርባቸው ያዘሉ ሴቶች በፍጥነት አለፉን። ጤፉ አለቀና ሣር ሆነ፤ ሣሩ አለቀና ድንጋይ ሆነ። ከድንጋዩ በኋላ ምድር አልነበረም።

ሸለቆው በጉም ተሞልቷል። ከእግራችን ሥር ጀምሮ እስከ ማዶው የሸዋ አፋፍ ድረስ ነጭ፣ የተንጣለለ፣ በቀስታ የሚንቀሳቀስ ነገር ብቻ ነው የሚታየው። አልፎ አልፎ የተራራ ጫፍ እንደ ደሴት ብቅ ብሏል። ጉሙ ከአፋፉ ጋር እየተላተመ ይመለሳል።

ልጅቱ ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ «ባሕር!» ብላ ጮኸች።

በዚህ ጊዜ ትንሹ ልጅ እጁን አላቆ ወደ ጫፉ ሮጠ። እናቱ እንዴት እንደደረሰችበት እኔ አላየሁም። ያየሁት በሹራቡ አንገት ይዛ፣ ፊቷ ዐመድ መስሎ፣ ቃል አጥታ እንደቆመች ነው። ልጁ ከጫፉ አምስት እርምጃ ይቀረው ነበር። አያት በቀስታ ቀርበው በበትራቸው ሣሩን ነካ ነካ አደረጉት። ሣሩ ከላይ ድፍን ይመስላል እንጂ ከሥሩ ክረምቱ ያጠበው ባዶ ነበር። «ገደል የሚበላው ጫፉን ያመነ ሰው ነው» አሉን።

ከጫፉ ወደ ኋላ ሃያ እርምጃ ያህል መልሰው ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳዩን። ከዚያ ሆኖ ሁሉም ነገር ይታያል። ትልቁ ልጅ ትንሹን በእጁ እንዲይዝ፣ ከድንጋዩ ማንም እንዳይነሳ ስምምነት ተደረገ።

ባዶ እጅ

ሦስት ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ በረታችና ጉሙ መነሳት ጀመረ። በመጀመሪያ የማዶው ግድግዳ ታየ። ከዚያም እርከኑ፣ ከእርከኑ በታች ቁጥቋጦው፣ በመጨረሻም ከታች እንደ ክር የቀጠነው ውሃ ታየ። አንድ ትልቅ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ከእኛ በታች አለፈ። ልጆቹ በሕይወታቸው የሚበር አሞራ ጀርባ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

አያት ድንጋዩ ጫፍ ላይ ቆመው ነበር።

«እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለች ምራታቸው ነጠላዋን እያነጠፈች።

ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜም አልተናገሩም። በኋላ የተናገሩትን እኔ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«እኔ እዚህ አገር ተወልጄ እዚህ አረጀሁ» አሉ። «በዚህች መንገድ ስንት ጊዜ ወርጃለሁ መሰላችሁ? እንጨት ለቀማ፣ ውሃ ቀጂ፣ ፍየል ፍለጋ። ስወርድ እግሬን እንዳያድጠኝ መሬት መሬት አያለሁ። ስወጣም ሸክሙ ይጫነኝና መሬት መሬት አያለሁ። ሸክም ያለበት ሰው ቀና አይልም። ይህን ማዶ ተቀምጬ ሳየው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

«የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይላል የአገራችን ሰው። ወንዙ ከታች እየታየ በአፋፉ ያለች ሴት ውሃ ፍለጋ ትደክማለች። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ትርጉሙን የተረዳሁት ግን ከእኚህ እናት አጠገብ ተቀምጬ ነው። እሳቸው የጠማቸው ውሃው ብቻ አልነበረም፤ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ አንድ ጧት ቆሞ የሚያደንቀውን ነገር በደጃቸው ሳለ ለማየት ጊዜ አላገኙም ነበር።

ባልንጀራዬ እጃቸውን ያዘችና «እማማ፣ እኔም እኮ እንደ እርስዎ ነኝ» አለቻቸው። «በታክሲ ሰልፍ ላይ መሬት መሬት፣ ቢሮ ገብቼ መዝገብ መዝገብ፣ ቤት ስገባ ድስት ድስት ነው የማየው። የልጆቼን ቁመት እንኳ የማውቀው ሱሪያቸው ሲያጥራቸው ነው።»

አያት ሳቁ። «አይ ልጄ፣ እኔስ ከተማ ያለ ሰው ቁጭ ብሎ የሚውል ይመስለኝ ነበር» አሉ። ባልንጀራዬ በኋላ እንደነገረችኝ፣ በአማትና በምራት መካከል አራት ዓመት የቆየው ቅሬታ የቀለለው በዚያች ሰዓት ነው። አንዷ «ልጆቼን አላሳየችኝም» ትላለች፤ ሌላዋ «ድካሜን ማን አየልኝ» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ይህን ለመነጋገር ግን ከሥራ የተላቀቀ አንድ ጧትና ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ድንጋይ አስፈለጋቸው።

መሶብ ውስጥ እንደተደረበ እንጀራ

ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ አንድ ጎረቤት መጡ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ልጅቱ ጉሙ ባሕር አለመሆኑን ስላወቀች ትንሽ ከፍቷት ነበር። መምህሩ ሰምተው «ማን ነው ባሕር አይደለም ያለሽ?» አሏት። «አንቺ ዛሬ የተቀመጥሽው ከአሮጌ ባሕር በላይ ነው።»

ከዚያም መሶቡን ከፍተው እንዲህ እያሉ አስረዷት። መሶብ ውስጥ ከተደረበው እንጀራ መጀመሪያ የተጋገረው የታችኛው ነው፤ የላይኛው በመጨረሻ የወጣው ነው። ምድርም እንዲሁ ተደራርቦ ነው የተሠራው። አባይ እንደ ቢላዋ ሆኖ ድርቡን ከላይ እስከ ታች ስለቆረጠው፣ ከአፋፍ ሆኖ የሚያይ ሰው የእያንዳንዱን ዘመን እንጀራ ለይቶ ያያል።

ከሁሉ በታች ያለው ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ባሕሩ ከመምጣቱ በፊት የተከማቸ አሸዋ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ምድሩ ዝቅ ሲል በምሥራቅ በኩል ባሕር ገባ። በመጀመሪያ ጥልቀት ያልነበረው ስለሆነ ውሃው እየተነነ ጀሶ ተወ። የተሰበረ እጅ በሆስፒታል የሚታሰርበት ጀሶ መገኛው እንዲህ ነው። በኋላ ባሕሩ ጠለቀና ቀንድ አውጣ መሰልና ዛጎል ለበስ እንስሳት እየሞቱ ቅርፊታቸው ከወለሉ ላይ ሲከማች፣ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ተሠራ። ይህ ሁሉ የሆነው ዳይኖሰሮች በምድር ላይ ይኖሩ በነበረበት ዘመን፣ ከዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት ነው። ከዚያ ባሕሩ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ እንደገና አሸዋ ለበሰ። በመጨረሻም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር ተከፍቶ የወጣው የቀለጠ ድንጋይ ሁሉን ሸፈነው። ዛሬ ደጀን የተመሠረተችበትና ጤፉ የሚበቅልበት ጥቁር መሬት ከዚህ ድንጋይ የመጣ ነው። ምድሩ እየተነሳ ሲሄድ ወንዙ ወደ ታች እየቆረጠ ሸለቆውን አወጣው።

«ታዲያ ባሕሩ የት ሄደ?» አለች ልጅቱ።

«ውሃው ሄደ፤ ወለሉ ግን እዚሁ ቀረ» አሏት መምህሩ።

በውጭ አገር የባሕር ዳር አፋፍ ላይ በእግር መንሸራሸር ትልቅ የዕረፍት ልማድ ነው። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር በደቡብ የባሕር ዳርቻ ቢቺ ሄድ የሚባል ነጭ ገደል አለ። ሰዎች ቤተሰባቸውን ይዘው በእግር እየሄዱ ባሕሩን ያያሉ። ከባሕሩ በላይ ያለው ከፍታ 162 ሜትር ነው። ድንጋዩም እንደኛው ባሕር ውስጥ የተሠራ ነው። የደጀን አፋፍ ከአባይ ውሃ በላይ ያለው ከፍታ ከዚያ ስምንት እጥፍ ይበልጣል። እዚያ ባሕሩ ዛሬም ከገደሉ ሥር አለ፤ እዚህ ባሕሩ ድንጋይ ሆኖ ገደሉን ራሱን ሠርቷል። እዚያም እዚህም ግን ለጎብኚ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ጫፉ ስለሚናድ ወደ ኋላ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ፍሬኑን ለማብረድ ቆመ። ተሳፋሪው ወረደ። ልጅቱ እናቷን ይዛ በመንገዱ ዳር በተቆረጠው ነጭ ድንጋይ አጠገብ ቆመች። ብዙ አልፈለገችም። በድንጋዩ ውስጥ የተጋደመች፣ አውራ ጣት የምታህል፣ መስመር መስመር ያላት ዛጎል አገኘች። በጣቷ ዳሰሰቻት። ነቅላ ለመውሰድ ስትሞክር እናቷ ከለከለቻት። እንዲህ ያለው ቅሪት የአገር ቅርስ ነው፤ ከኋላ የሚመጣ ልጅም ማየት አለበት። ልጅቱ ደብተሯን አውጥታ ሣለቻት። መስከረም ላይ «ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም» ብላ ከጻፈችው ሥር «ዱሮ ግን ባሕር ነበረ፤ አይቻለሁ» ብላ ጨመረች።

ለመሄድ ያሰባችሁ እናቶች ሆይ

ወደ ደጀንም ሆነ በየአገራችን ወዳለው አፋፍ ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው የሚከተሉትን ቢያስብ ይጠቅመዋል።

አንደኛ፣ ከጫፍ መራቅ ነው። ክረምት ካለፈ በኋላ የአፋፍ ሣር ያታልላል። ከጫፉ ሃያ እርምጃ ገባ ብሎ መቀመጫ መምረጥ፣ ትንሹን ልጅ ለትልቁ በእጁ ማስያዝ፣ የአካባቢውን ሰው መሪ ማድረግ ያስፈልጋል። ፎቶግራፍ ለመነሳት ብሎ ጀርባን ለገደል መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ጊዜ መምረጥ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሸለቆው መሬት እየተንሸራተተ መንገዱን ይጎዳዋል፤ ጭጋጉም እይታ ይከለክላል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ አየሩ የጠራ፣ ምድሩም አረንጓዴ ነው። ጉሙን ለማየት ፀሐይ ሳትወጣ መድረስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ልብስና ስንቅ ነው። ብርድም ሙቀትም በአንድ ቀን ስለሚገናኙ ወፍራም አንድ ልብስ ከማልበስ ይልቅ ስስ ስስ ልብስ ደራርቦ ማልበስና እንደ አየሩ ማውለቅ ይሻላል። ደገኛው ፀሐይ ብርዱን ተመስሎ ቆዳ ያቃጥላልና ባርኔጣ አይቅር። የፈላ ውሃ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ብርቱካን ለልጅ ሆድ ይስማማሉ። ከቆላው ውስጥ ለማደር የሚያስብ ካለ ግን በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ስለሚበረታ አጎበር ሳይዝ መውረድ የለበትም።

አራተኛውና ዋነኛው፣ ቦታው የሰው መኖሪያ መሆኑን አለመርሳት ነው። ማሳ አለመርገጥ፣ ቆሻሻ አለመጣል፣ ሸክም ይዛ ለምትወጣ እናት መንገድ መልቀቅ ያስፈልጋል። ቢቻልም ሸክሟን አሳርፋ ውሃ እንድትጠጣ መጋበዝ ነው።

እርግጥ ነው፣ ከዚያ ጉዞ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት በዚያ መንገድ መጓዝ የሚያሰጋበት፣ መንገዱም የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ማንም ቤተሰብ ከመነሳቱ በፊት ስለ መንገዱ ደኅንነት አጣርቶ መሄድ ይገባዋል። ባልንጀራዬም ልጆቿን መልሳ ለመውሰድ ሰላሙን በመጠበቅ ላይ ናት። ያቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆናለች። ደብተሩም እስከ አሁን አለ።

ዕረፍት የሰነፍ ነገር የሚመስላቸው ብዙ እናቶች አሉ። እኛ ቀና ብለን ካላየን ግን ልጆቻችን ቀና ማለትን ከማን ይማራሉ? የሩቅ ባሕር ባይደረስ በቅርብ ያለ አፋፍ አለ። አፋፍ ባይኖር የሰፈር ኮረብታ አለ። ከ16 ቀን ውስጥ አንዷን ቀን ከበርበሬው ቀንሰን፣ እናቶቻችንንም ከምጣዱ አስነስተን፣ ባዶ እጃችንን እዚያ እንቀመጥ።

አያት ደኅና ናቸው። ባለፈው ጊዜ ስልክ ሲገኝ ከምራታቸው ጋር ሲነጋገሩ፣ ስለ ልጆቹ ጤንነት አንድ በአንድ ከጠየቁ በኋላ እንዲህ ብለዋታል።

«ያቺ ድንጋይ አለች። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እቀመጥባታለሁ። ሰዎች ‹ከብት ጠፋ ወይ?› ይሉኛል። ‹የለም፣ እያየሁ ነው› እላቸዋለሁ።»